ሄክል፦ ስድብ፣ ጩኸት ወይስ ጥያቄ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ‘ሄክል’ በሚለው የእንግሊዝኛ ግስና በቅርብ ዘመዶቹ ላይ ናቸው። ቃሉ መድረክ የያዘን ሰው ከታዳሚው መሀል ሆኖ በነገር መተንኮስን ያመለክታል። የእንግሊዝኛ ቃላቱን ሁሉ በፊደላችን ጽፈናቸዋል።

ጥያቄ፦ አንድ የእንግሊዝኛ የቀልድ ዝግጅት ወደ አማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እየመለስኩ ነው። ከተመልካቾቹ አንዱ በየመሀሉ እየጮኸ ኮሜዲያኑን ያስቸግረዋል። መዝገበ ቃላቱ ‘ሄክለር’ን ‘ረባሽ’ ይለዋል፤ ጓደኞቼ ‘ተሳዳቢ’ በይው አሉኝ። ሁለቱም አልጣመኝም። ምን ልበለው? (ተርጓሚ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለመጣሙ ልክ ነው። ስልኩን ሳያጠፋ የገባውም፣ ጠጥቶ ወንበር የሚገለብጠውም ረባሽ ነው። ‘ተሳዳቢ’ ደግሞ ከልክ በላይ ይጠባል፤ «ይሄን ቀልድ አምናም ሰምተነዋል!» ብሎ የሚጮህ ሰው ማንንም አልሰደበም፣ ሄክል ግን አድርጓል።

ሄክል ለመባል መጀመሪያ ቃል መኖር አለበት። ቃል አልባው የብዙ ሰው ጩኸት ‘ቡ’ ይባላል። ቀጥሎ፣ ነገሩ የሚወረወረው ባለመድረኩ ሥራው ላይ እያለ ነው፤ ዝግጅቱ ሲያልቅ በር ላይ ጠብቆ «አልሳቅንም» የሚለው ሰው ሄክለር አይባልም። ደግሞም ተናጋሪው ሳይጋበዝ የገባ መሆን አለበት። ኮሜዲያኑ ራሱ «አንተ ባለ ቀዩ ሹራብ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ የሚመጣው መልስ የቱንም ያህል ቢጎመዝዝ ሄክል አይደለም። ታዳሚውን እየጠየቁ ማሳቁን ባለሙያዎቹ ‘ክራውድ ወርክ’ ይሉታል።

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ አንድ ቃል ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጓዝ አይሆንም። «ነገር ወረወረበት»፣ «ከመሀል ተረበው»፣ «እየጮኸ አቋረጠው» እያሉ እንደየቦታው ይቀያይሩት። ‘ተረብ’ በጣም ይቀርባል፤ ሆኖም ተረብ ሁለቱም ወገን ተስማምቶ የሚገባበት ጨዋታ ነው፣ የተተረበውም ተራውን ጠብቆ ይተርባል። ሄክለሩን ግን ጨዋታው ውስጥ ማንም አላስገባውም። ስለዚህ ነገሩ ለስላሳ ሲሆን ‘ተረበ’፣ ሲመር ‘ነገር ወረወረ’ ይበሉ። ‘አቋራጭ’ የሚለውን ስም ግን አይሞክሩት፤ ተመልካቹ የመንገድ ነገር ይመስለዋል። ‘ሙድ ያዘበት’ ለአዲስ አበባ ጆሮ ቢጣፍጥም ቦታው እዚህ አይደለም፤ ሙድ በሹክሹክታም፣ ሰውየው ሳይሰማም ይያዛል። ሄክል ግን ባለመድረኩ ካልሰማው ከሽፏል።

ከቃል ምርጫ ይልቅ ሥራዎን የሚያበላሸው ጾታ ነው። እንግሊዝኛው ‘ሻት አፕ’ ሲል ለወንድ ይሁን ለሴት፣ ለአንድ ሰው ይሁን ለጠረጴዛ ሙሉ ሰው አይናገርም። አማርኛ ግን «ዝም በል»፣ «ዝም በይ»፣ «ዝም በሉ» ከሚሉት አንዱን ምረጪ ብሎ ያስገድድዎታል። ጯሂው አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ ውስጥ ነው፤ ካሜራው አያሳየውም። ስለዚህ ምልልሱን እስከ መጨረሻው ሳያዳምጡ የመጀመሪያዋን መስመር አይተርጉሙ። ኮሜዲያኑ ትንሽ ቆይቶ ‘ሰር’ ወይም ‘ሌዲ’ ይላል፣ ወይም ስም ይጠይቃል፤ ያኔ ወደ ኋላ ተመልሰው ያስተካክላሉ። ፍንጭ ከጠፋ ጾታ የማይጠይቅ አነጋገር ይምረጡ፦ «ወሬው ይብቃ!»፣ «አይሰማም!»፣ «ከኋላ ምን ተባለ?»

ሌላው ጣጣ ሰዓት ነው። የሄክለሩ ድምፅ ከማይክሮፎን ስለሚርቅ ደብዛዛ ነው። ተርጓሚው «አይሰማም» ብሎ ሲዘለው የኮሜዲያኑ መልስ ያለ ጥያቄ ይቀራል፤ ተመልካቹም አዳራሹ በምን እንደሳቀ አይገባውም። የሄክለሩ መስመር ከመልሱ ቀድሞ መውጣት አለበት። ሁለቱ በጣም ከተቀራረቡ በአንድ ገጽታ ላይ በሁለት መስመር ያስቀምጧቸው፤ ላይኛው የሄክለሩ፣ ታችኛው የኮሜዲያኑ፣ ሁለቱም በሰረዝ የሚጀምሩ። መልሱ ራሱ ሳቅ የሚያመጣው ከሆነ ግን አብረው አያውጧቸው፤ ዓይን ከጆሮ ስለሚቀድም ቀልዱ ሳይነገር ያልቃል። ጨርሶ ያልተሰማ ሄክል ካጋጠመዎት ኮሜዲያኑን ይከተሉ፤ ሩቅ የተቀመጡት እንዲሰሙ ብዙ ጊዜ ራሱ ይደግመዋል። ከካሜራ ውጭ ያለን ድምፅ በኢታሊክ፣ ማለትም ዘመም ባለ ፊደል፣ መለየቱ ለላቲን ፊደል የተበጀ ልማድ ነው፤ ለግእዝ ፊደል አይመችም፣ ይተውት።

ጥያቄ፦ አንድ ፖለቲከኛ ንግግር ሲያደርግ ተሰብሳቢው ‘ቡ’ አለው የሚል ዜና «ጮኹበት» ብለን አነበብን። አንድ አድማጭ ደውሎ «ጮኹበት ይደግፉ ይቃወሙ አይታወቅም» አለን። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዝዳንት ኦባማ ላይ የተሰነዘረውን ‘ዩ ላይ’ የሚል ሄክል እንዴት ነበር መተርጎም የነበረብን? (የማኅበረሰብ ሬዲዮ አዘጋጆች፣ ከዋሽንግተን አካባቢ)

መልስ፦ «ጮኹበት» ይታወቃል። እንግሊዝኛ ‘ቺር’ እና ‘ቡ’ ብሎ በሁለት ቃል የሚለየውን አማርኛ በአንድ ፊደል ይለየዋል። ጮኹለት፣ ጮኹበት። ሳቁለት፣ ሳቁበት። ‘አጨበጨቡለት’ን ሁሉም ያውቀዋል፤ «አጨበጨቡበት» ደግሞ እንግሊዞች ‘ስሎው ሃንድክላፕ’ የሚሉትን ቁጭ ያደርገዋል፦ አዳራሹ በሙሉ በዝግታ፣ በአንድ ምት እያጨበጨበ «ሰለቸን፣ ጨርስ» ሲል። የአድማጫችሁ ቅሬታ ግን ለሬዲዮ ሰው ቁም ነገር አለው። ‘በ’ እና ‘ለ’ በችኮላ ንባብ ከተምታቱ ዜናው በሙሉ ይገለበጣል። «በተቃውሞ ጮኹበት» ብትሉ አንድ ቃል ጨምራችሁ ከስህተት ትድናላችሁ።

‘ቡድ’ እና ‘ቡድ ኦፍ’ም ይለያያሉ። በመጀመሪያው ሰውየው እየተጮኸበት ንግግሩን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ግን «በጩኸት ከመድረክ አስወረዱት» ማለት ነው። የድምፅ ቅጂ ብቻ ይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የሙዚቀኛው ብሩስ ስፕሪንግስቲን አድናቂዎች ስሙን ስበው «ብሩ…ስ» ሲሉ ለማያውቅ ጆሮ ጥርት ያለ ‘ቡ’ ነው።

የ2009ኙ ነገር የተፈጸመው መስከረም ወር፣ በፈረንጆቹ በ9ኛው ቀን ነው። ኦባማ ለሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ስለ ጤና ዋስትና ሲናገሩ፣ ማሻሻያው ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩትን እንደማይመለከት ገለጹ። ይሄኔ የሳውዝ ካሮላይናው ተመራጭ ጆ ዊልሰን ‘ዩ ላይ!’ ብለው ጮኹ። ያንኑ ምሽት ይቅርታ ጠየቁ፤ የተወካዮች ምክር ቤቱም ከስድስት ቀን በኋላ 240 ለ179 በሆነ ድምፅ ነቀፋውን በውሳኔ አጸደቀ። ለትርጉም የሚያስቸግረው ‘ዩ’ ነው። «ትዋሻለህ!» ካላችሁ አንቱታውን ራሳችሁ ገፋችሁ፤ እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ምንም አላለም። «ይዋሻሉ!» ካላችሁ አክብራችሁ ነው የምትሳደቡት፣ በዚያ ላይ ‘እነሱ’ ሊመስል ይችላል። የእኛ ምርጫ «ውሸት ነው!» የሚለው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከሕዝብ መሀል ተነሥቶ ቢጮህ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ማንነትና ማዕረግ ውስጥ ሳይገባ ይወጋል።

ጥያቄ፦ ስለ ስኮትላንዱ ገጣሚ ሮበርት በርንስ ሳነብ በወጣትነቱ በ‘ሄክሊንግ’ ቤት ይሠራ ነበር የሚል አገኘሁ። ሰው የሚሰደብበት ቤት ነበር እንዴ? (የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ተልባ የሚበጠርበት ቤት ነበር። ‘ሄክል’ መጀመሪያ የዕቃ ስም ነው፦ ጣውላ ላይ ቀጥ ብለው የተተከሉ የብረት ጥርሶች ያሉት ትልቅ ማበጠሪያ። በርንስ እ.ኤ.አ. በ1781 ወደ ኧርቪን ከተማ የሄደው ይህንኑ ሙያ ሊማር ነበር፤ ቤቱ በአዲሱ ዓመት መግቢያ ተቃጠለና ትምህርቱ ተቋረጠ።

እኛ ተልባን ለፍሬው እንዘራዋለን፤ ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጥብጠን እንጠጣዋለን። አውሮፓውያኑ ከዚያው ተክል ግንድ ሊነን የሚባለውን ጨርቅ ያወጣሉ። ግንዱ ከሥሩ ይነቀላል፣ ፍሬው ይራገፋል፣ ጭዱን ከቃጫው ጋር ያጣበቀው ነገር እንዲበሰብስ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ ጭዱ በእንጨት እየተመታ ይራገፋል። ሄክሉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሠራተኛው አንድ ጭብጥ ቃጫ ይዞ ጥርሶቹ ላይ ጣል ያደርግና ይስባል፤ መጀመሪያ በሰፊ ጥርስ፣ ከዚያ በጠባብ። ረጅሙ ቃጫ እጁ ላይ ይቀራል፣ ለጥሩ ክር ይሆናል። አጭሩና የተወሳሰበው ጥርሱ ላይ ይቀራል፣ ለገመድና ለሻካራ ጨርቅ ይሄዳል። ከጫፉ ሳይጀምር መሀሉን የሚስብ ጀማሪ ረጅሙን ቃጫ ይበጥስና ሁሉንም አጭር ያደርገዋል።

ከዕቃው ወደ ንግግር የተሻገረው በስኮትላንድ ነው። የደንዲ ከተማ ተልባ አበጣሪዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለመብታቸው በመነሣትና በፖለቲካ ክርክር ስማቸው የገነነ ነበር፤ አንዱ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌሎቹ እየሠሩ ይሞግቱ እንደነበር ይተረካል። ‘ሄክል’ም የምርጫ ተወዳዳሪን በአደባባይ በጥያቄ ማበጠር ማለት ሆነ። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ጽሑፍ ውስጥ ተወዳዳሪው ‘ሄክልድ’ ተደረገ የሚል ካገኘህ ‘ተሰደበ’ ብለህ አትተርጉም። «በጥያቄ አፋጠጡት» ነው የሚባለው። ቀልደኛን መተንኮስ ከዚያ በኋላ የመጣ ትርጉም ነው።

የእኛም ቋንቋ ተልባን ከጫጫታ ጋር አገናኝቶታል፤ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እንላለን። መገጣጠሙ በአጋጣሚ ነው፤ ግን ሄክለሮቹን በአንድ ቃል ዝም ስላሰኘ ኮሜዲያን የምትጽፍ ከሆነ ተረቱ ይጠቅምሃል።

ጥያቄ፦ ፉጨት ድጋፍ ነው ተቃውሞ? ‘ካትኮል’፣ ‘ሂስ’ና ‘ጌት ዘ በርድ’ስ? (ከሮም)

መልስ፦ አገሩን ሳያውቁ መልስ የለውም። እኛ ዘንድ «በፉጨትና በጭብጨባ ተቀበሉት» ሲባል ሙገሳ ነው፤ አሜሪካም እንዲሁ። እርስዎ ባሉበት አገርና በብዙው አውሮፓ ግን በቲያትርም በስታዲየምም ፉጨት ነቀፋ ነው። ሚላን ያለው ላ ስካላ ኦፔራ ቤት በዚህ ይታወቃል፤ ላይኛው ሰገነት ላይ የሚቆሙት አድማጮች ምሕረት የላቸውም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2006 ዘፋኙ ሮቤርቶ አላኛ «አይዳ» ላይ፣ ያቺ የኢትዮጵያ ልዕልት ናት በተባለችው ኦፔራ፣ የመጀመሪያውን ዜማ ጨርሶ ሲጮኽበት መድረኩን ጥሎ ወጣ። ተጠባባቂው አንቶኔሎ ፓሎምቢ የዘወትር ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ ቀጠለ። ይህን ዜና «በፉጨት አጀቡት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ነገሩን ገልብጦታል።

‘ካትኮል’ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ቲያትር ታዳሚ ለተቃውሞ የሚነፋት፣ የድመት ዓይነት ድምፅ የምታወጣ ትንሽ መንፊያ ነበረች። ዛሬ ቃሉ በዋናነት ሴትን መንገድ ላይ መልከፍ ማለት ሆኗል። በዘመን ለዩት፤ የዛሬውን ‘ለከፋ’፣ የድሮውን ‘የተቃውሞ ፉጨት’ በሉት። ‘ሂስ’ እንደ እባብ ወይም እንደ ዝይ «ስስስ» ማለት ነው፤ ከግእዝ ከመጣው፣ ‘ሂስና ግለሂስ’ ከምንለው የእኛ ሂስ ጋር ዝምድና የለውም፣ ቦታው ግን ስለሚመሳሰል ተማሪዎችን ያሳስታል። ‘ጌት ዘ በርድ’ም ከዚያው ከዝይዋ ድምፅ የመጣ የእንግሊዝ ቲያትር ቤት አነጋገር ነው፤ ተዋናዩ ወፏን አገኘ ሲሉ ጮኹበት ማለታቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ‘ፍሊፕ ዘ በርድ’ ግን የመሀል ጣትን ማሳየት ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ያሳፍራል።

ጥያቄ፦ ሥራ ቦታ «ማንን ነው የምትባራክ?» ተብዬ ተጠየቅሁ። መዝገበ ቃላት ሳይ ‘ባራክ’ ማለት በተጫዋች ላይ መጮህ ነው ይላል። ማንም ላይ አልጮህም አልኩ፤ ሳቁብኝ። (ከሜልቦርን)

መልስ፦ የእንግሊዝ አገር መዝገበ ቃላት አይተው ይሆናል። እዚያ ‘ባራክ’ በተጫዋች ወይም በተናጋሪ ላይ መጮህ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ‘ባራክ ፎር’ ሲባል መደገፍ ነው፤ የጠየቁዎት የየትኛው የእግር ኳስ ክለብ ደጋፊ እንደሆኑ ነው። እንግሊዝኛም እንደ እኛ ‘ለ’ እና ‘በ’ መስተዋድዷን ጨምሮ ጩኸቱን አዞረው። የቃሉ ምንጭ ‘መፎከር’ የሚል ፍቺ ያለው የሰሜን አየርላንድ አነጋገር ሳይሆን አይቀርም፤ ከወታደር ሰፈር ጋር የሚያያይዙት ጨዋታ ነው። አሜሪካውያን ለዚሁ ‘ሩት ፎር’ ይላሉ። እርስዎ ግን ሜልቦርን ላይ እንዳይሞክሩት፤ እዚያ ‘ሩት’ የአልጋ ነገር ነው፣ ከፊተኛው የባሰ ይስቁብዎታል።

ጥያቄ፦ ‘ሄክለርስ ቬቶ’ ምን ማለት ነው? ጯሂ ሰው በምን ሥልጣን ቬቶ ያደርጋል? (የሕግ ተማሪ)

መልስ፦ በአሜሪካ ሕግ ቬቶውን የሚያደርገው መንግሥት ነው። ተናጋሪው ሲናገር ተቃዋሚዎች ይረብሻሉ ተብሎ ሲሰጋ፣ ፖሊስ ረባሾቹን በመያዝ ፈንታ ተናጋሪውን ዝም ካሰኘ፣ ጯሂው ሳይመረጥ የሻሪነት ሥልጣን አገኘ ማለት ነው፤ ስሙ ከዚህ መጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1949 በተርሚኒየሎ ጉዳይ፣ ንግግሩ ሕዝብ አስቆጣ ተብሎ የተጣለን የ100 ዶላር ቅጣት 5 ለ4 ሻረ። በ1951 በፋይነር ጉዳይ ግን ፖሊስ አቁም ሲለው እምቢ ያለ የሲራክዩዝ ተማሪ ላይ የተላለፈውን ፍርድ 6 ለ3 አጸና። በ1992 የፎርሳይት አውራጃ ጉዳይ ላይ ደግሞ ለሰላማዊ ሰልፍ የሚከፈል ክፍያ በሚጠበቀው የተቃዋሚ ብዛት ሊጨምር አይችልም አለ። የተለመደው ስህተት፣ ተማሪዎች አዳራሽ ገብተው ተናጋሪን በጩኸት ሲያስቆሙ ነገሩን በዚህ ስም መጥራት ነው፤ ጋዜጦች ያደርጉታል፣ በጥብቁ የሕግ ፍቺው ግን የባለሥልጣን እጅ መኖር አለበት። ለፈተና ወረቀትህ «ረብሻን ሰበብ ያደረገ ክልከላ» ብትለው ከነአሳቡ ይገባል።

ጥያቄ፦ አዝማሪ ቤት ከወንበር ሆኖ ግጥም መወርወር ሄክል ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ «ተቀበል!» ካሉ አይደለም። ያ ቃል ፈቃድም ደንብም ነው፤ እንግዳው ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ዜማ ቃል በቃል ይመልሰዋል። መድረኩ ለጊዜው የተዋሰ ስለሆነ ማንም አልተቋረጠም። ‘ተቀበል’ ሳይባል አዝማሪው የራሱን ስንኝ ሊቋጭ ሲል ነገር ጣል የሚያደርግ ሰው ግን ሄክለር ነው፤ ቤት ሊመታ የነበረውን ቃል ስለሚያጠፋበት ከኮሜዲያን የበለጠ አዝማሪን ይጎዳል። ደግሞም እዚያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ተተራቢው እንግዳው ነው። አዝማሪው ስለ ኮቱ፣ ስለ ራስ በራው፣ አብራው ስለተቀመጠችው ሴት ይገጥምበታል፤ ይህ ከላይ ‘ክራውድ ወርክ’ ካልነው ጋር ይሄዳል። ሄክል ብሎ መተርጎም ስህተት ይሆናል፤ ማይኩን የያዘው እሱ ነዋ።

ጥያቄ፦ ‘ሄክለር ኤንድ ኮክ’ የሚባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካስ ስሙ ከዚህ ቃል ነው? (ከሪያድ)

መልስ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 ኦበርንዶርፍ በምትባል የጀርመን ከተማ ከመሠረቱት ሰዎች የሁለቱ፣ የኤድመንድ ሄክለርና የቴዎዶር ኮክ፣ የቤተሰብ ስም ነው። ‘ጂ ስሪ’ የምንለው ጠመንጃ የዚያ ቤት ሥራ ነው።